እንግዳ ሲያይ የሚያፍር ቆጣሪ

ጎረቤቶቹ፣ አማካሪው ከቤት ሲወጣ ጥላውን ሳይቀር አጥፍቶ ነው የሚወጣው እያሉ ያሙታል። ሐሜቱ ተጋኗል፤ ግን ብዙም አልተጋነነም። አማቱ መታጠቢያ ቤት ሳሉ መብራቱን ሦስት ጊዜ አጥፍቶባቸው፣ በሦስተኛው ከጨለማው ውስጥ ሆነው፣ «አንተ ልጅ፣ መሞቴን ማን አረዳህ?» ብለውታል። ሚስቱ የፍሪጁን በር ከፍታ ቆማ ስታስብ ካገኛት ደግሞ ከኋላዋ ሆኖ ሰከንድ ይቆጥራል።

«መጀመሪያ አስቢ፣ ከዚያ ክፈቺ» ይላታል።

«የአንተ አፍ ማጥፊያው የት ጋ ነው የተገጠመው?» ትለዋለች እሷም፣ ሳትዞር።

ምን ያድርግ፤ ሥራው ነው። ድርጅት ለድርጅት እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚባክንበትን ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ያስደፍናል፣ ከዚያ ፍጆታው መቀነሱን በቁጥር ያሳያል። አሥራ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረበትን ትምህርት ቤት ትቶ የወጣው ለዚህ ነው። አወጣጡም እንደ ሰው አልነበረም። በመሰናበቻው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «በዚህ ግቢ ውስጥ ሳይቋረጥ የሚሠራ ነገር ቢኖር የርዕሰ መምህራችን እንቅልፍ ነው» ብሎ ተናግሮ፣ ጭብጨባ ጠብቆ፣ ጭብጨባ ሲያጣ ራሱ አጨብጭቦ ነው የወጣው። ድልድዩን አቃጥሎ፣ አመዱን በትኖ፣ ወንዙን ሰድቦ ሄደ ማለት ነው። አሁን ተመልሶ «ሥራ አላችሁ ወይ?» ቢል፣ ርዕሰ መምህሩ ለዚያን ቀን ብቻ ነቅተው ይጠብቁታል።

እና የመመለሱ ነገር እየቀረበ ነበር። የአማካሪነት ማረጋገጫ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ሕጉ አጭር ነው፤ አመልካቹ ሦስት የሙከራ ሥራ ይሠራል፣ ከሦስቱ በአንዱ እንኳ ፍጆታ መቀነሱ በቁጥር ከተረጋገጠ ወረቀቱን ያገኛል፤ በሦስቱም ካልተረጋገጠ ፋይሉ ይዘጋል፤ የተዘጋ ፋይል አይከፈትም። የአማካሪያችን ሁለቱ ሥራዎች ከሽፈዋል። አከሻሸፋቸውም ሰው ሲሰማው የፈጠራ ይመስለዋል።

የመጀመሪያው አንድ መዝገብ ቤት ነበር። ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ፣ እንቅስቃሴ ሲጠፋ የሚጠፋ መብራት አስገጠመላቸው። ያላሰበው ነገር፣ የዚያ ቤት ሠራተኞች አንዴ ከተቀመጡ እንደማይንቀሳቀሱ ነው። መብራቱ ክፍሉ ባዶ መሰለውና ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ድርግም አለ። እነሱም ክንዳቸውን ከማወዛወዝ ይልቅ እያንዳንዳቸው ከቤታቸው የጠረጴዛ መብራት ይዘው መጡ። አንደኛው ደግሞ የሚሽከረከር ማራገቢያ አቁሞ ኮቱን ሰቀለበት። ኮቱ ቀኑን ሙሉ ሲወዛወዝ መብራቱ ቀኑን ሙሉ በራ፤ አለቃውም ከሩቅ አይቶ፣ ይሄ ሰው እረፍት የለውም ብሎ ለዕድገት አጨው። ኮቱን ነው ያጨው።

ሁለተኛው ዳቦ ቤት ነበር። ምድጃው ሙቀት እንዳያፈስ ዙሪያውን ወፍራም ልባስ አለበሰው። ምድጃው ሙቀቱን እንደ ምሥጢር ያዘ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ሙቀት ሲሞቁ የኖሩት ጋጋሪዎች ግን በረዳቸው፤ በሦስተኛው ቀን አምስት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አምጥተው ምድጃውን ከበው ቁጭ አሉ። ቆጣሪው ከበፊቱ ብሶ ይሮጥ ጀመር።

ሦስተኛውና የመጨረሻው የልብስ ማጠቢያ ድርጅቱ ነው።

የሦስት ሆስፒታልና የሁለት ሆቴል አንሶላ የሚያጥብ፣ አርባ አንድ ሠራተኛ ያለው ትልቅ ቤት ነው። ከኋላ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ እንደ ጎተራ የሰፋ ቦይለር ቆሟል። ከእሱ የሚወጣው እንፋሎት በጣሪያው ሥር በተጋደሙ ቧንቧዎች ወደ ማጠቢያዎቹ፣ ወደ ማድረቂያዎቹና ወደ ካውያዎቹ ይሄዳል። ቧንቧዎቹ እርቃናቸውን ናቸው። በየመገጣጠሚያው እንፋሎት ያፏጫል፤ ሠራተኞቹ ፉጨቱን ለምደውት ቅኝት ያወጡለታል። ማድረቂያዎቹ ባዶ ሆነውም ይዞራሉ፤ ማን እንዳዞራቸው ማንም አያውቅም። አማካሪው መጀመሪያ ቀን በበሩ ሲገባ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የደስታ ነው። እንዲህ ያለ ብክነት በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ሐኪም ያልተነካ ቁስል ሲያይ እንደሚደሰተው ደስ አለው።

ስህተቱን የሠራው እዚያች ደስታ ውስጥ ሆኖ ነው። ሰውዬው መክሳቱን ለማወቅ አስቀድሞ መመዘን ግድ ነውና፣ ምንም ነገር ሳይነካ የአንድ ሳምንት ፍጆታ መለካት ነበረበት። ይህን ልኬት መነሻ ይሉታል። ታዲያ ዝም ብሎ መጥቶ እንደ መለካት፣ የተማረ ሰው ነውና፣ ደብዳቤ ጻፈ፦ «ከሰኞ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት እንግዳችሁ ሆኜ የኤሌክትሪክ አጠቃቀማችሁን እከታተላለሁ።» ሥራ አስኪያጇ ደብዳቤውን ለአርባ አንዱም ሰብስባ አነበበችላቸው።

ሰኞ ሲመጣ ወንበር ቀረበለት፣ ጠረጴዛው ጨርቅ ለብሶ ጠበቀው። «ይቀመጡ፣ አይቁሙብን» ተባለ። ወለሉ ታጥቧል። ፉጨቱ የለም። እሱ ግን ዓይኑን ኮምፒውተሩ ላይ ተክሎ፣ መለኪያውን ከዋናው ቆጣሪ ጋር አገናኝቶ፣ ሰባት ቀን ሙሉ ቀና ሳይል ቁጥር ሲለቅም ከረመ። ጨረሰ፣ አመሰገነ፣ ሄደ።

ከዚያ ሥራውን ሠራ፤ ጥሩ ሥራ ነው የሠራው፣ በዚህ አይታማም። ቧንቧዎቹን በሙሉ በመቆለፊያ የሚታሰር ወፍራም ጃኬት አለበሳቸው። ከካውያዎቹ የሚወጣው ሙቅ ውሃ ወደ ቦይ ከመፍሰስ ይልቅ ወደ ቦይለሩ እንዲመለስ ቧንቧ ዘረጋ። የማድረቂያዎቹን በር ጎማ ለወጠ። ወር ጠብቆ ቆጣሪውን አነበበ።

ፍጆታው አሥራ አንድ በመቶ ጨምሯል።

እንደገና አነበበ። መነጽሩን ጠርጎ አነበበ። መለኪያውን ነቅሎ ሌላ መለኪያ ሰካ፤ ሌላኛውም ያንኑ አለ። ቆጣሪው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ አስፈተሸ፤ ቆጣሪው ከእሱ ይልቅ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ቧንቧ ለቧንቧ በሆዱ እየተሳበ ጃኬቶቹን ዳሰሰ። ቤቱ ሄዶ እራት አልበላም። ሚስቱ ከተኛችም በኋላ የሳሎኑ መብራት እንደበራ አደረ፤ አማቱ በማግሥቱ፣ «ይሄ ልጅ ታሟል፣ ሐኪም ጥሩለት» አሉ።

«ሦስተኛውም ነው እኮ» አላት ለሚስቱ። «ለዳቦ ቤቱ ምድጃ ጃኬት ሳለብስ በረዳቸው። ለዚህኛው ሳለብስ ደግሞ ቆጣሪው ጨመረ። ለእኔ ራሴ ነው ጃኬት የሚያስፈልገኝ፣ እጅጌው ከኋላ የሚታሰረው ዓይነት።»

«ሰዎቹን ጠየቅሃቸው?» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«ምን ሆናችሁ ብለህ ነዋ። ቧንቧውን እየዳሰስክ ከምትውል አፍ ያለውን ጠይቅ።»

ነገሩ ቀላል ስለሆነ በጣም ተናደደ። ግን ሄደ።

የካውያ ክፍሉ አለቃ፣ ሁሉም እትዬ ካውያ የሚሏት፣ ሃያ ስድስት ዓመት አንሶላ የተኮሰች ሴት ናት። የእጇ ሙቀት ብቻውን ሸሚዝ ያቃናል ይባላል፤ ይህም ቢሆን ሐሰት ነው ብሎ የሞከረ የለም። የሥራ ደብተሯን ተውሶ አገላበጠ። በዚያች በመነሻዋ ሳምንት የተተኮሰው አንሶላ እንደ ወትሮው አሥራ አራት ሺህ ነው። ካውያዎቹ የሠሩት ግን በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ አንሶላ በሁለት ሰዓት በምን ተኮሳችሁት? በምላሳችሁ?»

«እቤታችን ወስደን ነዋ» አለች፣ ቀላል ነገር እንደ ተጠየቀች።

«እቤታችሁ?»

«አርባ አንዳችንም። ማታ ማታ አንሶላ በጀርባችን ተሸክመን እየሄድን፣ በየቤታችን ካውያ ተኩሰን ጠዋት እንመልሳለን። ባሌማ የሆስፒታሉን ማህተም እያየ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው ወይ ሲለኝ ከረመ። የሚደርቀውንም ጣሪያ ላይ አውጥተን በፀሐይ ነው ያደረቅነው። ማድረቂያውን አልነካነውም።»

አማካሪው ደብተሩን በሁለት እጁ ያዘው። ራሱን መያዝ ነበር ያሰበው፣ እጁ ላይ ያለው ደብተር ሆኖ ነው።

«ለምን?»

«እንግዳ ነኝ ብለው ጽፈው የለ እንዴ? ታዲያ ሰው እየመጣ ነው ሲባል ቤት አይጸዳም? ቆጣሪያችንን ሊያዩ መጡ፣ ቆጣሪያችንን ንጹሕ አድርገን አሳየንዎት። ልናሳፍርዎት ነው?» ትንሽ ቅር አላት። «እንዲያውም አንድ ቀን አመስግነውን አያውቁም።»

የቦይለሩ ሰውዬ፣ ጋሽ እንፋሎት የሚሉት፣ ከበሩ ጥግ ሆኖ ጨመረበት። «እኔም ግፊቱን ግማሽ አድርጌ ነው የነዳሁት። የሚያፏጨውን ሁሉ በአሮጌ አንሶላ ቁራጭ አፈንኩት። ሰባት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እርስዎ ግን አንዴ እንኳ ቀና ብለው አላዩኝም።»

እንግዲህ መክሳቱ የሚለካው ሰውዬ፣ ሲመዘን ሆዱን ውጦ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሁለት ቀን ጾሞ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ውፍረት ሆኖ ይታያል።

ሪፖርቱን የሚመረምረው ከማረጋገጫ መሥሪያ ቤቱ የተላከ ቀጭን ሰው ነው፤ ሲናገር ቃሉን እንኳ ይቆጥባል። አማካሪው ታሪኩን ከዳር እስከ ዳር ነገረው። መርማሪው አዳመጠ፣ ብዕሩን ከደነ።

«ማስረጃ?»

«አርባ አንድ ምስክር አለኝ።»

«ምስክር ቁጥር አይደለም። ጃኬቶቹ ይወልቃሉ?»

«በመቆለፊያ ነው የታሰሩት፣ ይወልቃሉ።»

«የውሃ መመለሻውስ?»

«ይዘጋል። አሮጌዎቹ ጎማዎችም መጋዘን አሉ።»

«ሁሉንም ወደ ድሮው መልስ። ሁለት ሳምንት እንደ ድሮው ይሥሩ። ለካ። በአሥራ አራተኛው ቀን እመጣለሁ። ልኬቱ እውነተኛ መሆኑን ካላመንኩ ፋይሉን እዘጋለሁ።» ተነሣ። «እንደ ድሮው» አለ ደግሞ፣ በሩ ላይ።

አማካሪው ጃኬቶቹን በገዛ እጁ እየፈታ አወረደ። ለአንድ የቁጠባ ሰው ከዚህ የበለጠ ውርደት የለም፤ ያለበሰውን ልጅ ብርድ ላይ እንደ መግፈፍ ነው። ከዚያ አርባ አንዱን ሰብስቦ ወንበር ላይ ወጣ።

«እኅቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። አባክኑልኝ።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«እንደ ልማዳችሁ አባክኑ። የሚያፏጨው ያፏጭ። ባዶ ማድረቂያ ማዞር ካማራችሁ አዙሩ። አንሶላ እቤት አይሄድም። እኔን እንደሌለሁ ቁጠሩኝ።»

እትዬ ካውያ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል አለች። «ፈተና ነው» አለች፣ እሱ እንዲሰማ አድርጋ በሹክሹክታ።

ሥራ አስኪያጇም ወደ ጎን ጠራችው። «ቃሉን ያነሡት እርስዎ ስለሆኑ ነው እንጂ፣ እኛ አባካኝ ሰዎች አይደለንም። በድርጅቴ ስም አባካኝ ተብሎ ወረቀት ላይ እንዲጻፍ አልፈልግም።»

«እመቤቴ፣ አባካኝ ካልሆናችሁማ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

«እርስዎ ምሁር ነዎት፣ ያውቁታል» ብላ ሄደች።

በማግሥቱ መለኪያውን ሲያይ መስመሩ መሬት ላይ ተኝቷል። መብራቱ ግማሹ ጠፍቷል፤ ሴቶቹ ወደ መስኮቱ ብርሃን ተጠግተው አንሶላ ያጥፋሉ። ሄዶ መብራቱን አበራ። ዞር ሲል አጠፉት። እንደገና አበራ። ከመዝገብ ቤቱ እስከ ዳቦ ቤቱ መብራት አጥፉ እያለ ሲለምን የኖረ ሰው፣ አሁን እያበራ ሲዞር ሰዎች እያጠፉ ይከተሉታል። ጋሽ እንፋሎት ቧንቧዎቹን በጨርቅ ጠቅልሏል። አማካሪው መሰላል ላይ ወጥቶ ጨርቁን ፈታ።

«ይፏጭ ነው የምልዎት ጋሼ።»

«እርስዎ ፊት? ነውር ነው እኮ።»

«እኔ ነኝ የምለምንዎት።»

«ልመናዎ ገብቶኛል» አለ ጋሽ እንፋሎት፣ ዓይኑን ጠቅሶ። «እኛም ልጆች አይደለንም። ጨዋ ሰው አትብሉ ሲል፣ ብሉ ማለቱ ነው፤ ብሉ ሲል ደግሞ ስንት እንደምንበላ ማየቱ ነው።»

ሦስተኛው ቀን ተቆጣ። አራተኛው ቀን ራሱ ባዶ ማድረቂያ አዞረ፤ እትዬ ካውያ መጥታ፣ «እኔን ይድፋኝ፣ ረስተውት ነው» ብላ አጠፋችለት። አምስተኛው ቀን እግሯ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ቢያለቅስም ባያለቅስም፣ የለመነው ሁሉ ቁጠባቸውን አባሰው። በስድስተኛው ቀን ምሽት ቤቱ ገብቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እንግዳ ስለሆንኩ ነው» አላት ሚስቱን። «ሁሉም አንቱ ይሉኛል። ወንበር ያቀርቡልኛል። የተቀመጥኩበትን ወንበር እንኳ ስነሣ ይወለውሉታል።»

«ታዲያ እንግዳነቱን ተው።»

«እንዴት ይተዋል?»

«እናቴ እዚህ ቤት የገባች ጊዜ ትዝ አይልህም? መጀመሪያ ሳምንት መታጠቢያ ቤት እንኳ በሩን አንኳኩተህ ነበር የምትገባው። አሁን መብራት ታጠፋባታለህ። እንግዳ ሲቆይ ይሰለቻል፤ ሲሰለች ቤተሰብ ይሆናል። ሂድና ሰልቻቸው።»

በሰባተኛው ቀን አማካሪው ሱፉን ለብሶ አልሄደም። አሮጌ ሱሪ ለበሰ። ኮምፒውተሩን ዘበኛው ቤት አስቀመጠና ወደ ማጠፊያው ክፍል ገብቶ፣ «አንሶላ አሳጥፉኝ» አለ። ሳቁበት። ወንበር አቀረቡ፤ አልተቀመጠም። አንሶላ በሁለት ሰው ነው የሚታጠፈው፤ የእሱ ጥንድ የሆነችው ልጅ እስከ ምሳ ድረስ በፈገግታ ታገሠችው። ከምሳ በኋላ ፈገግታው አለቀ። የታጠፈው ጫፍ ከጫፍ አይገናኝለትም፤ ፊዚክስ እዚያ ላይ አልረዳውም። በስምንተኛው ቀን እሱ ያጠፋቸውን አንሶላዎች ለብቻ ደርድረው ከኋላው ደግመው ሲያጥፉ ያዛቸው። ምሳ ሲበሉ አብሯቸው በላ፤ የማይወደውን አልሸሸገም፤ የራሱን ቀልድ ሦስት ጊዜ ደገመ። አማቱን አማላቸው። የእትዬ ካውያን ማረፊያ ተቀመጠበት። ሰው ሊሰለችበት የሚችለውን መንገድ ሁሉ ተጓዘ፤ አንዳንዱን መንገድማ ለመጓዝ ምንም ጥረት አላስፈለገውም።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ ማጠፊያው ጠረጴዛ ሥር እግሩን ዘርግቶ ሳለ፣ እትዬ ካውያ የአንሶላ ጋሪ እየገፋች መጣች።

«እግርህን አንሳ» አለችው።

እግርህን። እርስዎ የለ፣ ይቅርታ የለ። አማካሪው እግሩን አንሥቶ አፈጠጠባት፤ የሰማውን ማመን ፈለገ።

«ምን ታፈጣለህ? ደግሞ ትናንት ያጠፍካቸው አንሶላዎች ከሆስፒታል ተመልሰዋል። በሽተኛው ራሱ ነው አሉ የመለሰው።»

ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ አንድ ቀጭን ፉጨት ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ። ጋሽ እንፋሎት ጨርቁን መጠቅለል ሰልችቶት ትቶታል። ከወዲያ አንድ ባዶ ማድረቂያ ይዞራል፤ ማን እንዳዞረው አይታወቅም። አማካሪው አልተነሣም፣ አልጠቆመም፣ አላመሰገነም። አንሶላውን ይዞ ክፉኛ ማጠፉን ቀጠለ። ለምሳ ሲወጣ ብቻ ዘበኛው ቤት ገብቶ የኮምፒውተሩን መስመር አየ፤ መስመሩ ከመሬት ተነሥቶ ቆሟል።

ከዘጠነኛው ቀን እስከ አሥራ ሦስተኛው ድረስ ሰደቡት፣ አዘዙት፣ ውሃ አስቀዱት፣ መስመሩም ቆሞ ዋለ። አምስት ንጹሕ ቀን። ሁሉንም ደምሮ ከጃኬቱ ዘመን ፍጆታ ጋር ሲያስተያየው፣ ሥራው ፍጆታውን አሥራ ዘጠኝ በመቶ ቀንሶታል። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፤ እሱን ብቻ ነው በትክክል ያጠፈው።

በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ መርማሪው መጣ። የመጣውም በሱፍ፣ በከረባት፣ በቦርሳ ነው። ዘበኛው ገና ሲያየው ከወንበሩ ተነሥቶ፣ የብረቱን በር ወለል አድርጎ ከፍቶ ወደ ውስጥ ተጣራ፤

«እንግዳ!»

አማካሪው ከማጠፊያው ክፍል እየሮጠ ወጣ። ዘገየ። ከኋላው አንድ በአንድ ሰማቸው፤ ማድረቂያው ቆመ፣ ካውያዎቹ ቆሙ፣ ፉጨቱ ታፈነ፣ መብራቶቹ ረድፍ በረድፍ ጠፉ። አርባ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ጨዋ ሆነ። መርማሪው በበሩ ሲገባ ያገኘው፣ ጸጥ ያለ፣ የተወለወለ፣ ምንም የማያባክን ቤት ነው። እትዬ ካውያ ወንበር ይዛ ቆማለች።

«ይቀመጡ፣ አይቁሙብን» አለችው።

መርማሪው ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ አማካሪውን አየ። «እንደ ድሮው ብዬህ ነበር» አለ።

አማካሪው አሥራ አራት ቀን ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ ተሰድቦ፣ በሽተኛ የማይተኛበት አንሶላ አጥፎ ያገኘው ቁጥር በአንዲት «እንግዳ!» ገደል ገባ። ርዕሰ መምህሩ ታዩት፤ ነቅተዋል። ሊናገር የነበረው ስድብ ግን ጉሮሮው ላይ ተቀይሮ፣ «ከእኔ ጋር ይምጡ» የሚል ሆኖ ወጣ። ተስፋ ስላለው አይደለም፤ ማንን እንደሚሰድብ ስላላወቀ ነው።

ዘበኛው ቤት ወስዶ ኮምፒውተሩን አሳየው። መስመሩ ከጠዋት ጀምሮ ከፍ ብሎ ሄዶ፣ በአራት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ገደል እንደገባ ሰው ተወርውሮ ወርዷል።

መርማሪው ሰዓቱን አየ። «በአራት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ምን ሆነ?»

«እርስዎ ገቡ።»

መርማሪው ቦርሳውን አንሥቶ በብረቱ በር ወጣ። አማካሪው፣ ተናዶ ሄደ ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። ሰውዬው ግን የትም አልሄደም፤ መንገዱን ተሻግሮ አንድ የጋዜጣ መሸጫ አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ግቢው ውስጥ «ሄደ?» «ሄደ» ተባባሉ። ማድረቂያው ዞረ። ፉጨቱ ጀመረ። ኮምፒውተሩ ላይ መስመሩ ቀስ እያለ ተነሣ።

ሩብ ሰዓት ሲሞላ መርማሪው ተመልሶ ገባ።

«እንግዳ!»

መስመሩ ወደቀ።

መርማሪው የገባበትን ደቂቃ ከመስመሩ ጋር አስተያይቶ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ወጣ። ቆየ። ገባ። መስመሩ ተነሣ፣ ወደቀ። በሦስተኛው ጊዜ ሲወጣ፣ ያ ቃሉን የሚቆጥብ ሰው ከንፈሩ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ አማካሪው ግን ሳቅ ነው ብሎ ለመማል አልደፈረም።

«መነሻው ልኬት ውድቅ ነው» አለ ሲመለስ። «የሁለተኛውን ልኬት እቀበላለሁ፣ አምስቱን ቀን። ማረጋገጫህን መጥተህ ትወስዳለህ።» ጻፈ፣ ፈረመ፣ ወረቀቱን ቀደደና ሰጠው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። አምስቱን ቀን እንዴት አገኘኸው?»

«ተሰልችቼ ነው» አለ አማካሪው።

መርማሪው ያን አልጻፈውም።

እትዬ ካውያ ወንበሩን እንደያዘች ከበሩ ቆማ ስትጠብቅ ደከማት። አማካሪውን በእጇ ጠራችው።

«አንተ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ጠፍቶበት ነው በር ለበር የሚመላለሰው?»

«ሥራው ነው እትዬ።»

«ሰው አራት ጊዜ መጥቶ አንዴ ሳይቀመጥ ይሄዳል? ምን ይለናል?» ወደ ውስጥ ዞረች። «ያችን የጥጉንም መብራት አጥፏት። በል አንተም ቁመህ አትገተር፣ ሂድና አስቀምጠው።»

አማካሪው ወረቀቱን በአንድ እጁ፣ ወንበሩን በሌላው ይዞ ሄደ።